አርባ ሺህ ሰው የጠበቀው ቀን

ታሪኬን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ስትከታተሉ የቆያችሁ ይቅር በሉኝ፤ ዛሬ ገና ለተቀላቀሉን ስል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ ነው። እኔ የጌም ሞካሪ ነኝ። ገና ለገበያ ያልቀረበ ጌም ከጠዋት እስከ ማታ እየተጫወትኩ እንከኑን እፈልጋለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ «መታደል ነው!» ይለኛል። አንድን ግድግዳ ሁለት መቶ ጊዜ በግንባር ሄዶ መግጨት ምን እንደሚመስል ስለማያውቅ ነው። የምወደው ሰው ደግሞ ሊፍት ጠጋኝ ነው። የኩባንያችን ሊፍት ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ይዞኝ ሲቀር በሩን ፈልቅቆ ያወጣኝ እሱ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ግን ሌላ ስም አለው። አርባ ሺህ ሰው «ቀን ቆጣሪው» ብሎ ይጠራዋል። የእኛ ኩባንያ መቼ ምን እንደሚያስተዋውቅ፣ ጌሙንም መቼ እንደሚያወጣ የሚገመትበት ገጽ ባለቤት ነው።

ሰዉ የጌማችንን፣ የ«ሰባተኛው ድልድይ»ን ሦስተኛ ክፍል መጠበቅ ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእነዚህ ሰዎች መሰለኝ። ሥራ አስኪያጃችን አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሶ ፎቶ ከተነሳ «አረንጓዴ ያለ ምክንያት አይለበስም» ብለው ሦስት ቀን ይከራከራሉ። ማታ ስንት የቢሮ መስኮት መብራት እንዳለው በመንገድ የሚያልፍ አንዱ ይቆጥርና ይለጥፋል። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣን፤ «የሚጠረግ ከበዛ የሚሠራ በዝቷል፣ ጌሙ ደርሷል» አሉ። እኛ ሞካሪዎች ይህን በምሳ ሰዓት ጮክ ብለን እያነበብን በሳቅ እንሞት ነበር። ከሁሉ በላይ የምትስቀው፣ ለዚህም «ሳቂታዋ» ያልናት ጓደኛዬ ናት። እኔ ግን የቀን ቆጣሪው ተራ ሲደርስ ሳቄን እየዋጥኩ ሳህኔን አያለሁ። ማንነቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለት ዓመት በአንድ ሕግ ኖርን። ስለ ድልድዩ አይወራም። እኔ ቤቱ ስገባ እሱ ኮምፒውተሩን ይዘጋል፤ እኔም የሥራ ቦርሳዬን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬ በሩን እገጥማለሁ። ከዚያ በኋላ ተራ ወንድና ተራ ሴት ነን። በቅጥር ውሌ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ምሥጢር ለትዳር አጋሩ እንኳ የነገረ ሠራተኛ እንደሚሰናበት ተጽፏል፤ እሱም ያውቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። በዚህ እኮራበት ነበር። እናቴ «ሰው ሲያወጣ ሲያወርድ ለሚውል ሰው ነው የተማርሽው? አንቺን የት ፎቅ ሊያደርስሽ ነው?» ስትለኝ፣ «እማዬ፣ እንደ እሱ አፉን የሚጠብቅ ሰው የት ታገኚልኛለሽ?» እላት ነበር። በመጨረሻ እማዬ ተረታች። ከሦስት ሳምንት በፊትም እሷ ቤት ቁጭ ብለን የሠርጋችንን ቀን ቆረጥን፤ ቅዳሜ፣ የካቲት 23።

እስካሁን ያለው ይኸው ነው። አሁን ወደ ሰኞ ልምጣ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ጠራችኝ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አንዲት ቃል የማትጨምር ሴት ናት። በሩን ራሷ ዘጋችውና አንድ የታተመ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከቀን ቆጣሪው ገጽ የተወሰደ ነው።

«ማክሰኞ፣ የካቲት 19። የዛሬው ግምት አይደለም። ምንጬን አትጠይቁኝ።»

ክው አልኩ። ቀኑን አውቀዋለሁ። ከወር በፊት ኃላፊያችን ለእያንዳንዳችን በታሸገ ፖስታ ሰጥታን ነበር። «ጌሙ የሚወጣበት ቀን ነው፤ የዓመት ፈቃዳችሁን በዚህ አስሉት፤ እርስ በርሳችሁም እንዳትተያዩ» ብላን ነበር።

«ስድስት ሞካሪዎች ናችሁ» አለችኝ። «ለስድስታችሁም የሰጠሁት የተለያየ ማክሰኞ ነው። የካቲት 19 ያለው አንቺ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።»

«የተለያየ?» አልኩ። «ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?»

«አንዱም። ጌሙ በዚህ ዓመት አይወጣም። ወሬ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

ይህን ስትል እንደ መሳቅ አደረገኝ። ዘመድ የተነገረው፣ እናቴ በቀይ እስክሪብቶ ያከበበችው የሠርጌ ቀን የተቆረጠው በዚያ ወረቀት ነበር። በዓለም ላይ በየካቲት 19 አምኜ የኖርኩት እኔ አንዲት ሴት ብቻ ነበርኩ።

«ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህኔን ማየት አድክሞኛል። «እጮኛዬ ነው» አልኳት።

መነጽሯን አደረገች፤ መልሳ አወለቀች። «ነግረሽዋል?»

«ትንፍሽ አላልኩም! በእናቴ ልማልልዎት!»

«ቦርሳሽ የት ያድራል?»

«እሱ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ» አልኳት።

«እንግዲያው ሳታውቂ ከቦርሳሽ አውጥቶ አይቷል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የማዘን ነገር ነበር። «እሱን ጽፈሽ ትፈርሚልኛለሽ። የቀረውን የሕግ ክፍላችን ይጨርሰዋል። አንቺ ሥራሽ ላይ ትቀጥያለሽ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ምን አስባለሁ? ሌላ መንገድ አልታየኝም። ያ ቁም ሣጥን በዓይኔ መጣብኝ። እኔ ተኝቼ፣ እሱ በባዶ እግሩ በሩን ሲስብ፣ ዚፑን ቀስ ብሎ ሲከፍት፣ ወረቀቱን ሲያነብ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ መጣል ብቻ አይደለም፣ እላዬም ላይ የተረማመደብኝ መሰለኝ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ያንን የጌም ግድግዳ ስገጨው ዋልኩ። እንባዬ ማሳያው ላይ ያለውን ድልድይ ድብልቅልቁን አወጣው።

በምሳ ሰዓት የሚሠራበት ሕንፃ ሄድኩ። ስምንት ፎቅ ሙሉ የጥርስ ሐኪም ያለበት ሕንፃ ነው። ምድር ቤት የሊፍቱ በር ተከፍቶ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ቆሟል። እሱ ከወገቡ በታች የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ራሱ ላይ ባሰራት መብራት የሆነ ሽቦ ይመረምራል። ጉንጫቸው ያበጠ አንዲት እናት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ይነሳል?» ይሉታል።

«አምስት ደቂቃ፣ እናቴ።» ለሁሉም ሰው አምስት ደቂቃ ነው የሚለው።

ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ሆዴ! በምሳ ሰዓት? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

እንዴት እንደሚወደኝ የማውቀው በዚህ አስተያየቱ ነበር። የሚሠራውን ሁሉ ትቶ፣ ሌላ ሰው የሌለ ይመስል እኔን ብቻ ያያል። በዚያች ቅጽበት ጠላሁት፤ ወደድኩትም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

«ቦርሳዬን ከፈትከው» አልኩት።

«ምን?»

«ቁም ሣጥኑን ከፍተህ ቦርሳዬን ፈተሽክ። ወረቀቱን አየህ።»

ጠብቄ የነበረው ሲደነግጥ፣ ሲቀላምድ ነው። እሱ ግን አልደነገጠም፤ ተቆጣ። ከጉድጓዱ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እኔን ነው? ያ ቁም ሣጥን ሲከፈት ፊቴን የማዞረውን ሰውዬ ነው እንዲህ የምትይኝ? ቦርሳሽን በጣቴ ነክቼ ከሆነ ይህ እጄ ይቆረጥ!»

አመንኩት። እውነቱን ሲናገር አውቀዋለሁ፤ አፍንጫው ይነፋል። ለአፍታ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ኃላፊያችን ተሳስታለች፣ ሌላ ሰው ነው ያወጣው፣ እኔና እሱ ደህና ነን። ደረቱ ላይ ልደፋ አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

«ታዲያ የካቲት 19ን ከየት አመጣኸው?»

አሁን ፈገግ አለ። ስወደው የኖርኩት ፈገግታ ነው፤ ሌላው ጠጋኝ ሰልችቶት የተወውን ሊፍት ሲያስነሳ የሚስቃት።

«አስልቼው ነዋ! አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እማማ ቤት የካቲት 23 ነው ያልሽው። ከዚያ በፊት አንድም ቅዳሜ አይመቸኝም አልሽ። ሞካሪ ፈቃድ የሚያገኘው ደግሞ ጌሙ ሲወጣ ነው። ኩባንያችሁ ሁሌም ማክሰኞ ነው የሚያወጣው። ከ23 በፊት ያለውን ማክሰኞ ቁጠሪ እስቲ።»

ቆጠርኩ። ስቆጥርም ያ እሑድ ከነብርሃኑ ተመለሰብኝ። እማዬ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ በርቷል። እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን ግራሶ ለመደበቅ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። «እማማ፣ ከፈቀዱልን ቀኑን እንቁረጥ» ሲል የምገባበት ጠፋኝ። እማዬም «እኔማ ምን አውቄ፤ ሥራ የሚበዛባት እሷ ናት» አለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «መቼ ይሁን፣ ሆዴ?» አለኝ። የካቲት 23 አልኩ። «16ስ ለምን አይሆንም?» አለ። አይመቸኝም አልኩ። «9ስ?» አለ። «ኧረ ከ23 በፊት ራሴንም አላገኘው!» አልኩ። እማዬ ሳቀች። «ጉድ! እንዴት ቸኩሏል!» አለች። እኔ ፊቴ ጋለ። እድሜዬን ሙሉ ማንም ቸኩሎልኝ አያውቅም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ ሰው ያየኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «እውነቱን ንገረኝ። ‹መቼ ይሁን› ስትለኝ ለማን ነበር የጠየቅከው?»

«ለማን ይሆናል? ለእኛ ነዋ!»

«‹16ስ› ስትለኝስ?»

ራሱ ላይ ያለችውን መብራት አጠፋ።

«‹9ስ› ስትለኝ?»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወረደ። ጨርቁን ያገላብጠው ጀመር። «23 ስትይ… ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር በራ። ሳላስበው ነው፣ ሆዴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘግቼው የነበረ ነገር…»

«ሁለተኛውን ጥያቄ ለማን ነው የጠየቅከው?»

ወንበሩ ላይ ያሉት እናት ጉንጫቸውን ይዘው ያዩናል። ከላይ የሆነ ፎቅ ላይ የጥርስ መሰርሰሪያ ይጮኻል።

«ለእነሱ» አለ።

ለካ እናቴ የሳቀችው፣ እኔም ፊቴ የጋለው በሁለተኛው ጥያቄ ነበር! የመጀመሪያውን ጥያቄማ ማንም ይጠይቃል። ይወደኛል ያልኩት፣ ቸኮለልኝ ብዬ አውቶቡስ ውስጥ የሳቅኩት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነበር። እነሱ ደግሞ የእኔ አልነበሩም።

«ከዚህ በፊት ገጹ ላይ ሁለቴ ቀን ገምቼ ተሳሳትኩ፣ ታውቂያለሽ» አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ሰው መሳቂያ አደረገኝ። እዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ሰው ‹መቼ ይነሳል› ብቻ ነው የሚለኝ። ስሜን የሚያውቅ የለም። እዚያ ግን አርባ ሺህ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማኛል። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ትክክል ልሁን ብዬ ነው።»

አንጀቴን በላው። እውነቴን ነው፤ ያኔም፣ እንዲያ ሆኜም፣ አንጀቴን በላው። ለዚህም ነው እውነቱን ልንገረው ያልኩት።

«ትክክልም አይደለህም» አልኩት። «የካቲት 19 የሚባል ነገር የለም። ወሬ የሚያወጣውን ለመያዝ ለእኔ ብቻ የተሰጠ የውሸት ቀን ነው። ቦርሳዬን ካልከፈትክ ደግሞ የነገርኩህ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ከሥራ ልባረር ነው።»

ዓይኖቹ ተከፈቱ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከሁሉ አስቀድሞ ከአፉ የወጣው ቃል ይህ ነበር፦

«የለም? ታዲያ መቼ ነው?»

ወዲያው እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ሆዴ፣ አይደለም፣ እንደሱ ማለቴ…» ሲል ይሰማኛል። ግን ከወጣ በኋላ ነው። ያ ጥያቄ ማንም ሳያዘው፣ ከሁለት ዓመት ፍቅር ቀድሞ ወጣ። ዞሬ ሄድኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ብርድ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ተጽፎ ጠበቀኝ። አንድም ነገር አልተዘለለም። ሳላውቅ፣ ከቦርሳዬ፣ በድብቅ። የሚቀረው ስሜና ፊርማዬ ነው። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ከፈረምኩ ይህ ወረቀት እሱን ሌባ ብሎ እንደያዘ እድሜ ልኩን አይለቀውም። መናደዱን ተናድጃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስሰድበው ነው ያደርኩት። ነገር ግን ቦርሳዬን አልነካም። የሠራብኝን ትቼ ባልሠራው ልክሰሰው? የእኔን ቁስል ማንም በሌላ ስም እንዲጠራው አልፈለግኩም።

እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ። «ቦርሳዬን አልከፈተም» አልኳት። «የነገርኩት እኔ ነኝ። የሠርጌን ቀን ነው የነገርኩት። እሱ ከዚያ ላይ ቆጠረ።»

ኃላፊያችን ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ይህን እያልሽኝ ሥራሽ ላይ ላቆይሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ልትፈርሚ ትችይ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «ማክሰኞዎቹን ያከፋፈልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ላንቺ 19 የደረሰሽ እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ሠርግ እንዳለሽ ማንም አልነገረኝም።» ከሚያስፈልገው በላይ የማትናገር ሴት ይህን ያህል ስትናገር የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ሳቂታዋ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየኋት። ስድስት ዓመት የሰው ልጅ የጠበቀውን ድልድይ እኔ አምስት መቶ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ሲጠናቀቅ ግን እንደማንም ሰው ከውጭ ሆኜ ነው የማየው። ይህም ከበደኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ።

ለእማዬ በስልክ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኻለች፣ «አላልኩሽም?» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለች፤ ስለ እሱ ነው፤ ቀስ ብላ።

«ለዘመድ ምን ልበል?»

«ለጊዜው ምንም አትበያቸው፣ እማዬ።»

«እኔ እኮ ለምጄው ነበር» አለች። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። «ያንን ባለ ሊፍት ለምጄው ነበር።» ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ደወለ፤ አላነሳሁም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ የግቢያችን ጥበቃ በሬን አንኳኳና ፖስታ ሰጠኝ። «ያ ሊፍት ጠጋኙ ነው። አልገባም አለ። እጅዋ ላይ ስጥልኝ አለኝ» አለ። ፖስታው ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቱ የግራሶ ምልክት አለ። በእጁ የጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

«ሆዴ፣

ሥራሽን እንዳሳጣሁሽ ከእማማ ሰማሁ። ሌባ ነው ብለሽ መፈረም ስትችይ እንዳልፈረምሽም ሰማሁ። ያን ቀን እማማ ቤት ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩሽ። የመጀመሪያው የእኔ ነበር። ሁለቱን ግን ከእናንተ ጠረጴዛ ላይ ሰርቄያቸዋለሁ። ቦርሳሽን ብሰርቅ ይሻል እንደነበር አሁን ገብቶኛል። የሰው ሊፍት ስጠግን በሩ ሳይዘጋ እንዳይነሳ የሚያደርግ ነገር አለ፤ ለአፌ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላበጀሁለትም።

እኔ አርባ ሺህ ሰው የሚሰማኝ ሰው መሆን ፈልጌ ነበር። ከሰኞ ወዲህ ቤቴ ውስጥ አንድም ሰው አይሰማኝም። ከአርባ ሺው አንቺን እመርጣለሁ። ሁለቱን ጥያቄዎች መልሼ ወስጃለሁ። የመጀመሪያውን ብቻ፣ ስትችይ፣ መልሺልኝ። መቼ ይሁን ብዬ አልጠይቅሽም። እጠብቅሻለሁ።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በሦስተኛው ሳነበው ፊደሎቹ ረጥበው ነበር። «መቼ ይሁን ብዬ አልጠይቅሽም» የሚለው ጋ ስደርስ ያ ሰኞ የገባብኝ ብርድ ለቀቀኝ። ሰው ይሳሳታል። እኔስ ብሆን ሥራዬ የሰው ስህተት ማግኘት አይደለም እንዴ? ያገኘነውን ሁሉ «ይስተካከላል» ብለን ነው የምንመዘግበው፤ «ይጣል» የምንለው በመቶ አንድ ነው። ይስተካከላል አልኩ፤ ለራሴ፣ ድምፅ አውጥቼ። ፊቴን ታጠብኩ። የሚወደውን ሰማያዊ ሹራብ ለበስኩ። ጫማዬን አደረግኩ። ቤቱ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው።

ደረጃውን እየወረድኩ ስልኬ ጮኸ። ሳቂታዋ ናት።

«እህቴ! አነበብሽው? እንዴት ያምራል በናትሽ! ቢሮው ሁሉ እኮ እያለቀሰ ነው፤ ኃላፊያችን ሳትቀር መነጽሯን ስትጠርግ አየናት!»

«ምኑን?»

«ደብዳቤውን ነዋ! ‹ከአርባ ሺው አንቺን እመርጣለሁ› ሲል እኔ ሞትኩ!»

እግሬ ቆመ። «አንቺ ደብዳቤውን ከየት አየሽው?»

«ገጹ ላይ…» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ከጠዋት ጀምሮ አለ እኮ። የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ገጽ በራሴ ስልክ ከፍቼ አላውቅም። ከፈትኩት። አንዲት ቃል ሳትቀነስ ነበር። «ሆዴ» የሚለው ሳይቀር። ጥበቃው በሬን ከማንኳኳቱ አምስት ሰዓት በፊት የተለጠፈ ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰው ልብ ሰጥቶታል። እኔ ዘጠኝ ሺህ አንደኛዋ አንባቢ ነበርኩ።

ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኩት። አንዱ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ይላል። አንዱ «ቆይ ቆይ፣ ልጅቷን ካባረሯትማ 19 እውነት ነው ማለት ነው!» ይላል፤ ስምንት መቶ ሰው ተስማምቶለታል። አንዱ ደግሞ ምን ቆርጦት ዝም ይላል፣ ድምፅ መስጫ አዘጋጅቷል፦ «መቼ ይቅር የምትለው ይመስላችኋል?» ዛሬ። ቅዳሜ። በሚቀጥለው ሳምንት። በጭራሽ። ሰው ተሰልፎ ይገምታል። አንዳንዱ ምክንያቱንም ይጽፋል፤ ሴት ልጅ በሁለት ቀን አትበርድም፣ ሥራ ያጣች ሴት ግን ብቸኝነት ይከብዳታል፣ ደግሞ ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ነው እያለ። የእኔን ልብ እንደ ሥራ አስኪያጁ ሸሚዝ አገላብጠው ያዩታል።

እሱ ያላዘጋጀው ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ነው ያመጣው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ልዘጋው ስል ከመልሶቹ ሁሉ በላይ የተሰቀለውን አየሁ። ስሙ አለበት። ቀን ቆጣሪው። ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ፖስታውን ለጥበቃው ሰጥቶ ከሄደ በኋላ የጻፈው ነው።

«ልቧን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ።»

ሳቂታዋ ስልኩ ውስጥ «እህቴ? አለሽ?» ትላለች። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሹራቤን ለብሻለሁ፤ ጫማዬን አድርጌያለሁ። ዝም ብሎ ቢጠብቀኝ ኖሮ እኮ ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው። ጫማዬን እዚያው ደረጃው ላይ፣ አንድ በአንድ፣ እያለቀስኩ አወለቅኩ።